የጽጌረዳው ሻማ

ሰውየው ከሬዲዮ ሰምቶ የማይማረው ሙያ የለም፤ ችግሩ ከተማረ በኋላ የሚሠራው ነው። ሳሙናው የሚስቱን የእቴነሽን እጅ ልጧል፤ የፀጉር ቅባቱን ደግሞ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው ቀብረውታል። ቢሆንም ሃያ አምስት ዓመት ለታገሠችው ሴት አንድ እንኳ የረባ ነገር ሳይሠራላት ዕድሜው እንዳያልፍ በየማለዳው ይጸልያል።

በጋብቻቸው መታሰቢያ ዕለት ጸሎቱ የሚሰማለት መሰለው። እቴነሽ ገበያ እንደወጣች ሰም በድስት አቀለጠ። በምስጢር ሲያደርቅ የከረመውን የጽጌረዳ አበባ ቅጠል በተነበት፤ ክር አቁሞም በሻይ ብርጭቆ ቀዳው። ሻማው እንደ ሠሪው ትንሽ ጠመም ቢልም ሲለኮስ ሽታው ቤቱን አወደው።

እቴነሽ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ ይኼን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔው ነኝ። መሳቅ ይቻላል።»

«ምን ያስቀኛል? ደስ ይላል እንጂ።»

ሰውየው ደረቱን ነፋ። እንዲህ ስትለው ገና የመጀመሪያዋ ነው።

«ሰሙን ግን ከየት አገኘኸው?» አለች።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ጧፍ ነበር። የተረሳ መስሎኝ አቀለጥኩት።»

እቴነሽ ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የማርያም ስለት ነው» አለች። «ባሌን ከዚህ ሙያው አሳርፊልኝ ብዬ የተሳልኩት። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሳትነካካ ስትቀመጥ፣ ሰምታኛለች ብዬ ነገ ላስገባላት ነበር።»