ዘመድ የሌላት ዝንብ

ሕጉ አጭር ነው፤ በዓለም ላይ ዘመድ የሌለው ፍጡር የሚኖርበት ወንዝ ለከተማ ውሃ አይጠለፍም። በአገራችን ዘመድ የሌለው የሚጠቀምበት ሕግ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የጥሩወርቅ ሥራ አንድ ቀን ብቻ የሚበርሩ የወንዝ ዝንቦችን አካል እያየች ማን ከማን እንደሚዛመድ መለየት ነው። ዛሬ በማጉያ መነጽሩ ሥር ያለችው ለከተማቸው ሊጠለፍ ከታሰበው፣ ከሰፈራቸው በላይ ካለው ወንዝ የመጣች ናት። ባሏ ደሳለኝ ሩዝ የታጠበበትን ውሃ ለልጃቸው ገላ እያሞቀ፣ "እሺ፣ ምን አገኘሽ?" አላት።

"ክንፏ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው።"

"ተመስገን! በይ ዘመድ አላት በያቸውና ውሃው ይምጣልን።"

"እጯን ግን አየሁት። የምትተነፍስበት ላባ መሳይ ነገር የሌሎቹ ከጎናቸው ነው፣ የእሷ ከሆዷ ሥር። እንዲህ ያለ የትም የለም።"

"ጥሩዬ፣ ማታ የምትሞት ዝንብ እኮ ናት! ማን ሆዷን ገልጦ ያያታል?"

"እኔ።"

ደሳለኝ ሕፃኗን ሳፋው ውስጥ አስቀመጣት። ጥሩወርቅ "ዘመድ የላትም" ብላ ውጤቱን ላከች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ የልጇን ጀርባ ልታሽ ተንበረከከች።

"ቀስ በይ፣ እንዳታፈሺው" አላት ደሳለኝ ሸሚዙን እያወለቀ። "ቀጥሎ እኔ ነኝ።"