ከሁሉም ኋላ የመጣችው አሚን

«ቆይ... ቆይ... እስቲ ወደ ኋላ መልሰው» አልኩት።

ኸይረዲን ባሌ ነው። ቆቦ ላይ ባጃጅ ይነዳል። መንዙማ ካለ እህል አይፈልግም።

ጆሮ ላይ የሚደፋ ትልቅ ማዳመጫ አለው። ከስልኩና ከማዳመጫው መሃል የምትሰካ ጣት የምታክል ነገር ደግሞ አለችው... ድምፅ የምታጠራ። ዳክ ነው የሚላት።

ሰሞኑን የድሮዋን ትቶ የተሻለች ገዛ።

«ጆሮህን አስመርምር እንጂ ስልኩ ምን አጠፋ» ብዬ ሳቅሁበት።

ማዳመጫውን ጭንቅላቴ ላይ ደፋው።

ወላሂ... ስንቴ የሰማሁት መንዙማ ነው። ግን ያው አይደለም።

ድሮ ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር። አሁን እጅ ሆነ። የአንዱ እጅ... የሌላው እጅ...

ድቤው ሳይመታ በፊት መዳፍ ቆዳውን ዳሰስ ሲያደርገው ይሰማል።

መሪው ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ። ሰውዬው አጠገቤ የተቀመጠ መስሎኝ ሻርፔን አስተካከልኩ።

ኸይረዲን በሳቅ ሞተ።

እኔ ግን ስንት ጊዜ የጨነቀኝ ነገር ትዝ አለኝ... «የዱበርቲውን ክፈትልኝ» አልኩት።

እኛ ጋ ሴት ምጧ ሲቃረብ የሰፈር እናቶች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጉላታል። ዱበርቲ እንለዋለን። አንዷ ትመርቃለች፣ ሌሎቹ አሚን ይላሉ። ሆዷን ይዳስሷታል፣ ፀጉሯን ቅቤ ይቀቧታል። ወንድ አይገባም።

በኔ ዱበርቲ ቀን ኸይረዲን ዱዓው እንዳያመልጠው ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጎ ከመከዳው ጎን ትቶት ወጥቶ ነበር።

መከዳውን ተደግፈው የነበሩት እናቱ ናቸው። እማ ዘሊካ። የሚኖሩት ዋጃ ነው።

ያን ቀን ሁሉም ሆዴን ዳሰሱኝ... እሳቸው ግን እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ እንደደበቁ ወጡ።

ልጄ ኑሀ ከተወለደች በኋላም አልመጡም።

ቅቤ ይልካሉ። የገንፎ ዱቄት ይልካሉ። ለልጅቷ ፎጣ ይልካሉ። ሁሉንም በሚኒባስ። እሳቸው ግን የሉም። ዋጃ እኮ እዚህ ነው።

ልጄ ደግሞ እንቅልፍ የላትም። ጡት ይዛ ትተዋለች። ጤና ጣቢያ ወስጃት ደህና ናት አሉኝ... እኔ ግን ሆዴ አላመነም።

አያቷ አልመረቋትም። አሚን አላሉላትም። ይሄ ነበር የሚያስጨንቀኝ።

ቅጂውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሰፈራችን አሚና አለች። ጎረቤቴ አስረሳሽ አለች... አስረሳሽ ክርስቲያን ናት፣ ግን ከሁሉም በላይ አሚን ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። የእማ ዘሊካን ድምፅ ግን አጣሁት።

እንግዲህ አሁን በአዲሷ ሰማሁት።

ድሮ ሁሉም አንድ ላይ እንደ ንብ ነበር የሚሉት። አሁን እያንዳንዷ ሴት የራሷ ቦታ ላይ ተቀመጠች። አሚና በር ጋ። አስረሳሽ መሃል ላይ። አስፋልቱ ላይ ረዳቱ «ዋጃ፣ አላማጣ» እያለ ሲጣራ ሁሉ ይሰማል።

ከዚያ ሁሉ ስር ደግሞ... በጣም ቅርብ... መከዳው ጋ... ሹክሹክታ፣ ከለቅሶ ጋር።

«ወደ ኋላ መልሰው» ያልኩት ያኔ ነው።

«ያ ረቢ... ኢቅራዬን ወሰድክ፣ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ይችን ግን ተውልኝ። ይችም ልጄ ናት። የኔ እጅ የቀበረ እጅ ነው፣ አልነካትም... አንተ ያዛት።»

ሴቶቹ አሚን ብለው ጨረሱ። ቤቱ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ... ለብቻዋ... ቀስ ብላ...

«አሚን።»

ማዳመጫውን አውልቄ ለኸይረዲን ሰጠሁት። ሰምቶ ሲጨርስ ደጃፉ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ኢቅራ እህቱ ናት። ሳላገባው በፊት ነው የሞተችው። ታማ ሞተች ነበር ያሉኝ።

ተከትዬው ወጥቼ ስጠይቀው... ለካ በምጥ ነው። ከነልጇ። አጥበው የከፈኗት እናቷ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ እርጉዝም አራስም አይነኩም አለኝ... ጦሱ ይተላለፋል ብለው ይፈራሉ።

«እንዳትነግሯት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ትደነግጣለች ብላ ሁላችንንም አስምላናለች» አለኝ። ከወለድኩ በኋላ ደግሞ የእህቱን ስም ማንሳት ከብዶት ኖሯል።

በነጋታው ኑሀን አዝዬ፣ የኸይረዲንን ስልክና ማዳመጫ ይዤ የዋጃ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እማ ዘሊካ ግቢያቸው ውስጥ ማሽላ እያበጠሩ ነበር። ሲያዩን ሰፌዱን ጥለው ብድግ አሉ። ወዲያው እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«ልጄ፣ ራቅ አድርጊያት... የኔ እጅ...»

«እማ፣ አሚንዎን ሰምቼዋለሁ» አልኳቸው።

አልገባቸውም። ማዳመጫውን ደፋሁላቸውና ከፈትኩት። ትንሽ ሰሙና ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ይቺ የምታለቅስ ሴትዮ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

ማዳመጫውን ሳያወልቁ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ኑሀን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኳት።

እጆቻቸው አየር ላይ ቀሩ... ቀሩ... ከዚያ ወረዱ።

ኑሀ ሻርፓቸውን ጨምድዳ ያዘች። እሳቸው ፊቷን ዳሰሱ፣ ግንባሯን ዳሰሱ...

«አፍንጫዋ የአባቷ ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አላህ ያለው ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን።

ልጄ አሁንም ደህና አትተኛም። ግን አያቷ እኛ ጋ ሰንብተዋል፣ ተራ በተራ እንይዛታለን። የኔም ሆድ ትንሽ አረፈ።

ወዳጆቼ... ሰው ሁሉ ፍቅሩን ጮክ ብሎ አይናገርም። የራቀንም ሁሉ ጠልቶን አይደለም። አንዳንዱ ክፉ እንዳይነካን ሰግቶ፣ ከሩቅ ሆኖ ነው የሚመርቀን። እኛ ደግሞ የምንሰማው የጮኸውን ብቻ ነው።

እናንተስ... ዝም አለኝ ስትሉት ለካስ በሆዱ ዱዓ ሲያደርግላችሁ የነበረ ሰው አለ? ማን ነው?

ስሙን ፃፉልኝ... እኔ ከስሩ አሚን እላለሁ።