ያልደረቀው ህትመት

የቴምብር መርማሪው ከሠላሳ ዓመት በፊት «በቴምብሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የፖስታ ማኅተም ካረፈ በኋላ የተጨመረ ሐሰተኛ ህትመት ነው» ብሎ በሰጠው ቃል አንድ አታሚ ከሥራ አስባርሯል። ዛሬ የአታሚው ልጅ ከዚያው ቴምብር አንዱን ይዛ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች። በቴምብሩ ላይ በጥቁር ቀለም «ለመንግሥት ሥራ» የሚል ጽሑፍ ተደርቦ ታትሟል።

«አባቴ አጭበርባሪ አልነበረም፣ ጋሼ። እስቲ ደግመው ይዩት።»

በማጉያ መነጽር አየው። የድሮው የፖስታ ማኅተም ያረፈው በጽሑፉ ቀለም ላይ ተደርቦ ነው። ጽሑፉ ከማኅተሙ ቀድሞ ታትሟል ማለት ነው፤ ሰውየው ያለጥፋቱ ነው የተባረረው። ልቡ ግን አላመነም። በአመልካች ጣቱ ዳበስ አደረገው። ጣቱ ጠቆረ።

«ልጄ፣ ይሄ ገና አልደረቀም። ማን ነው ያተመው?»

«አባቴ ነዋ። እሱ ደግሞ ከሞተ ስድስት ዓመት አለፈው።»

በጥርጣሬ እያያት ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። ቀለሙ አልለቅ አለ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አየው። ከወረቀት ወደ ጣት የተላለፈ ፊደል ተገልብጦ ነበር መታየት ያለበት፤ ይሄ ግን በቀጥታ ይነበባል፦ «ለመንግሥት ሥራ»።

መሐል ጣቱ ቴምብሩን አልነካም። እሱም ላይ «ለመ» የሚል ወጥቶ፣ የቀሩት ፊደላት አንድ በአንድ እየተከተሉ ነበር።