መብራትህ በርቷል

ፈንታው አሶሳ ከተማ ውስጥ ሰው በሞተር እያመላለሰ የሚተዳደር ወጣት ነው። በዚያ ሰሞን ሁለት ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፤ የትናየትን ማግባትና በአባቷ መኪና አለመገጨት። ሁለቱ አብረው የሚሳኩ አልመሰለውም።

አባቷ አቶ ገበየሁ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬ ናቸው። አሁን በአሮጌ ፒክአፕ ማንጎ ወደ ገበያ ያመላልሳሉ። ሲነዱ መሐል መንገዱን ይዘው፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ክላክሱን ሳያቋርጡ ነው። መንገደኛ እጁን አንስቶ ሰላም ቢላቸው እንኳ ዞር አይሉም። የትናየት ሁልጊዜ ከጎናቸው ተቀምጣ፣ እጇን ወዲህ ወዲያ እያወናጨፈች ስታወራ ትታያለች። ፈንታው ስለ እሱ እየለመነቻቸው መሆኑን አልተጠራጠረም።

አንድ ቀን ገበያው አጠገብ ፒክአፑ ቀጥ ብሎ መጣበት። ፈንታው ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተረፈ።

«አላየሁህም!» አሉ አቶ ገበየሁ በመስኮቱ ብቅ ብለው። ይህን ያሉትም ወደ እሱ ሳይሆን ማዶ ወደቆመው የመብራት ምሰሶ ዞረው ነው። ፈንታው ጭቃውን እያራገፈ፣ ፊቴን እንኳ ማየት ተጸየፉ ብሎ አዘነ።

በማግስቱ ለየትናየት ነገራት።

«አባባ አንዴ ቢያይህ እኮ ይወድሃል» አለችው።

«ታዲያ ለምን አያዩኝም?»

የትናየት ከንፈሯን ነከሰች። «አንተ ብቻ በደንብ ታይ» አለችና ወሬውን ወደ ሌላ አዞረችው።

እንዳጋጣሚ በዚያው ሳምንት ለሞተረኞች ስልጠና ተሰጠ። አሰልጣኙ የትራፊክ ፖሊስ ቀልደኛ ነበሩ። «ሞተረኛ የሚለው ቃል የሚጀምረው በምንድን ነው? በ‹ሞተ› ነው! ካልታያችሁ እዚያው ላይ ትቀራላችሁ» አሉ። ቢጫ ሰደሪያ ልበሱ፣ ሄልሜታችሁ ላይ የሚያንጸባርቅ ነገር ለጥፉ፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን የፊት መብራት አብሩ ሲሉ መከሩ። ሌላው ሞተረኛ ስቆ ወጣ። ፈንታው ግን ከስልጠናው ቀጥታ ሱቅ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሶሳ አትረሳውም። በእኛ አገር በቀን መብራት አብርቶ የሚሄድ ሰው ሰላም አያገኝም። ያየው ሁሉ ጣቶቹን ሰብሰብ ዘርጋ እያደረገ መብራትህ በርቷል ይለዋል። ለፈንታውም ቆሎ ሻጯ ጣቷን አርገበገበችለት። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው አርገበገቡለት። የለቅሶ ሰዎች ሬሳ ተሸክመው እየሄዱ እንኳ፣ እጁ ባዶ የሆነው ሁሉ አርገበገበለት።

«አውቃለሁ! እንዲያዩኝ ነው!» እያለ ይጮኻል ፈንታው።

ሞተር ጠጋኙ ወዳጁ ኻሚስ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ፣ ባትሪ ይጨርሳል። ደግሞ ያንተ ሰውዬ፣ እሱ ብቻ ጣት አያነሳም። አየህ?»

አይቷል። ከተማው በሙሉ መብራትህ በርቷል ሲለው፣ ያላሉት አቶ ገበየሁ ብቻ ናቸው። በዚያው ሳምንት ዳግመኛ ቦይ ውስጥ ጨመሩት። ቢጫ ሰደሪያውን ለብሶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ክላክሱን እያንባረቀ!

«አላየሁህም!»

«ጋሼ፣ እኔን እኮ ከሩቁ መንጌ ከተማም ያዩኛል!» አለ ፈንታው ከቦዩ ውስጥ።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ የባሰ ነገር አየ። አቶ ገበየሁ ፒክአፑን አቁመው፣ መንገድ ዳር ለታሰረ አህያ «እንደምን ዋልህ ገረሱ! ቤተሰብ ደህና?» አሉት። ገረሱ እህል የሚነግድ የተከበረ ጎረቤታቸው ነው። ፈንታው ደነገጠ። ጎረቤታቸውን በአደባባይ አህያ የሚሉ ሰው እሱን ምን ሊሉት ነው?

«እየገጨ አላየሁም የሚል ሰው፣ አይቶ ነው» አለ ኻሚስ። «ያቺ ልጅ ደግሞ እሱ ጎን ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነው። ሽማግሌ ላክ። እምቢ ካለ ወደ ቶንጎ ከተማ ሂድ፣ እዚያ ሥራ ይኖራል።»

ፈንታው ፈራ። የትናየትን ትቶ ቶንጎ የሚገባበት ልብ አልነበረውም። እሁድ ኻሚስንና ሁለት አዛውንቶችን ላከ። ራሱ እዚያ መገኘቱ ወግ አይደለም። ግን አላስቻለውምና ተከትሎ ሄዶ ከአጥሩ ውስጥ ቆመ። ሙቀቱ ስላየለበት ሰደሪያውንና ሄልሜቱን አውልቆ ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ዛፍ ላይ ሰቀላቸው። ለመሸሽ እንዲመቸው ሞተሩን አላጠፋም፤ ዛፉ ሥር አስደግፎ ከነመብራቱ ተወው።

ከቤት ውስጥ የአቶ ገበየሁ ድምፅ ተሰማ።

«ያ ሞተረኛ? እስከ ዛሬ የት ነበር? በሉ በእጄ አስገቡልኝ!»

በሩ ተከፈተ። አቶ ገበየሁ ረጅም ዱላ ይዘው ወጡ። የትናየት ከኋላቸው እየሮጠች «አባባ፣ ቀስ! ወደ ግራ!» ትላለች። ፈንታው ሊሮጥ ፈለገ። ሞተሩ ርቆ ታየው፣ ዱላው ቀርቦ ታየው። ዓይኑን ጨፈነ።

ዱላው እግሩን ነካ ነካ አደረገው። «ዞር በይልኝ እቴ» አሉት አቶ ገበየሁ፤ አልፈውትም ሄደው ሰደሪያ የለበሰውን የማንጎ ግንድ አቀፉና፣ ሦስቴ ስመው ሲያበቁ ጣቶቻቸውን ሰብሰብ ዘርጋ እያደረጉ፣ «አብሽር ልጄ፣ ሰጥቻለሁ! እንዲህ ግንድህ የጠና ልጅ ነህና! ብቻ መብራትህ በርቷል» አሉት።