የገጨኝን ሰው ስም አልናገርም

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ የገጨዎትን ሰው ስም ብቻ ይንገሩኝ... መኪናዎን እናሠራለን።»

«አልናገርም።»

የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ኃላፊ ሄመን እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እንግዲያው የሰጠንዎት መልስ መልስ ነው። ድርጅቱ አይከፍልም።»

ሽማግሌው ከወንበሩ አልተነሱም።

«ልጄ፣ ሙሉ ዋስትና ነው የገባሁት። አንድም ዓመት ሳላዛንፍ ከፍያለሁ። መኪናዬ ተገጭታለች። ሌላ ምን ቀረ?»

«የቀረውማ... ጥፋተኛውን ይቅር ብለውታል። ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መኪኖቹን አንስታችኋል። እኛ ለእርስዎ ከፍለን ከእሱ መጠየቅ ነበረብን። አሁን ማንን እንጠይቅ?»

«እግዜርን።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ጠጅቱ ሳቋ አመለጣት። ውጭ ሲወጡ ግን ሳቁ ጠፍቶ ንዴቱ መጣ።

«አባዬ፣ እርስዎ እኮ የተጣመመ ሚስማር አቃንተው የሚያስቀምጡ ሰው ነዎት። ለአንድ ለማያውቁት ሹፌር ሲሉ መኪናዋን ሊያጧት ነው?»

ሽማግሌው መንገዱን ይዘው መራመድ ጀመሩ...

ነጯን ፒክአፕ የገዟት ከሟች ባለቤታቸው ከሸዋነሽ ጋር፣ በወተት ገንዘብ ነበር።

ያኔ የሚኖሩባት ሱሉልታ ሜዳ ነበረች። ክረምት ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል... መስከረም ሲጠባ ሣሩ ወገብ ይደርሳል።

ጎህ ሲቀድ ሸዋነሽ ጋቢዋን ተከናንባ ጋቢና ትገባለች። የወተት ቢዶኖቹ ከኋላ እየተንኳኩ፣ እንጦጦን ተሻግረው አዲስ አበባ ይወርዳሉ። መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ በስም ያውቃቸዋል።

ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር፣ ሙሽራ ቢኖር፣ ለቅሶ ቢኖር... ያቺን ፒክአፕ ያልተሳፈረ የአካባቢው ሰው አልነበረም።

ዛሬ ሜዳው ፋብሪካና ሕንፃ ሆኗል። ሸዋነሽም የለችም።

የቀረቻቸው መኪናዋ ነበረች። እሷም ኮፈኗ ተጨፍልቆ፣ ራዲያተሯ ተሰብሮ ጋራዥ ቆማለች። ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጥ በቀር ምርጫ የላቸውም።

የገጫቸው የታሸገ ውሃ የሚያመላልስ አይሱዙ ነው። ሹፌሩ ማርቆስ ይባላል፤ ከደቡብ ለሥራ የመጣ ወጣት። ከውስጥ መንገድ ሳያይ ወጥቶ መጣባቸው።

ሰው አልተጎዳም። ማርቆስ ግን እየሮጠ መጣ።

«አባባ... አሠሪዬ ከሰማ ያባርረኛል።»

የተሰበሰበው ሰው እንደ አገሩ ልማድ እርጥብ ሣር ነጭቶ አስያዘው። ልጁ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ። ሽማግሌዎች መሃል ገቡ። ኦቦ ዲሪርሳ ሣሩን ተቀበሉት።

አለቀ።

እርቅ ከወረደ በኋላ የበዳይን ስም አንስቶ ለከሳሽ መስጠት፣ እሳቸው ባደጉበት ዘመን ከሰው መሃል የሚያስወጣ ነውር ነበር።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣» አሏት ጠጅቱን፣ «ገንዘብ እቆጥራለሁ። የሰጠሁትን ይቅርታ ግን መልሼ አልቆጥርም።»

ቢሆንም መብታቸውን አልተዉም። አቤቱታ አስገቡ። ተመላለሱ። ሄመን ሁልጊዜ የምትጠይቃቸው ያንኑ ነበር... ስሙን።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሄመን ጉዳዩን ልትዘጋ ስትል በሩ ተንኳኳ።

የሥራ ቱታ የለበሰ ወጣት ገባ።

«የገጨኋቸው እኔ ነኝ» አለ።

ኦቦ ዲሪርሳ ደነገጡ። ከዚያ ተቆጡ።

«አንተ ልጅ፣ ማን ና አለህ?»

«ማንም። በጋራዡ በኩል ባለፍኩ ቁጥር መኪናዎ እዚያው ናት። ትናንት ገብቼ መካኒኩን ጠየቅኩት... 'የገጫቸውን ሰው አልናገርም ብለው ተከለከሉ፤ ነገ የመጨረሻ ቀጠሯቸው ነው' አለኝ።»

«ታርቀናል እኮ። ውጣ፣ ወደ ሥራህ ሂድ።»

«ይቅር ያሉኝ ጥፋቴን ነው፣ አባባ። ዕዳዬን እንዲሸከሙልኝ አይደለም። ለአሠሪዬም ጠዋት ነግሬው ነው የመጣሁት።»

ሄመን ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

«እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ 'ጥፋቱ የኔ አይደለም' ሲል ነው የምሰማው...» አለች። «በል የአይሱዙዋን ታርጋ ንገረኝ።»

ነገራት። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው።

ስክሪኑን ጠጋ ብላ ደግማ አየች።

«ምነው?» አለች ጠጅቱ።

«አይሱዙዋም የእኛው ደንበኛ ናት። ዋስትናዋ እዚሁ ነው።»

ኦቦ ዲሪርሳ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ።

«ታዲያ ያኔውኑ ከፍላችሁልኝ ቢሆን ከማን ልትጠይቁ ነበር?»

«ከ... ከራሳችን።»

«እና በእኔ ይቅርታ ምን ቀረባችሁ?»

«ምንም» አለች ሄመን፣ አንገቷን ደፍታ።

መጀመሪያ የሳቀው ማርቆስ ነው።

ውሳኔው ተሻረ። ፒክአፗ ተጠገነች።

ማርቆስን አሠሪው አላባረረውም፤ ግን ለአንድ ወር ከመሪ አውርዶ ጫኝ አደረገው። አንድ ቀን ኦቦ ዲሪርሳ በውሃ ፋብሪካው በር ሲያልፉ የውሃ እሽግ ትከሻው ላይ ተሸክሞ አገኙት።

«አይዞህ፣ እኔም በሸክም ነው የጀመርኩት» አሉት።

«እርስዎስ ማንን ገጭተው ነው፣ አባባ?»

እስኪያስላቸው ሳቁ...

ወገኖቼ፣ ይቅርታ የሚከብደው ለሚሰጠው ሰው ብቻ ይመስለናል። ለተቀበለውም ሥራ አለው። ሽማግሌው ስሙን ባይሸሽጉለት ልጁ እንዲህ ባልተሰማው ነበር፤ ልጁ ሳይጠራ ባይመጣ ደግሞ የሽማግሌው ደግነት መኪናቸውን በበላ ነበር። «የድሮ ሰው ቀረ» እያልን የምንቆጭ ብዙ ነን... የድሮ ሰው ግን አንዳንዴ ቱታ ለብሶ በር ያንኳኳል።

እስቲ በእውነት መልሱልኝ... ስማችሁን ማንም አልተናገረም፣ ማንም አልጠራችሁም፣ ከሄዳችሁ ደግሞ እንጀራችሁን ልታጡ ትችላላችሁ።

በማርቆስ ቦታ ብትሆኑ ያንን በር ታንኳኩ ነበር? መልሳችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።