ሦስቱ ሞክሼዎች

ዘፋኙ ላቀው አንዳርጌ፣ ዳኛው ላቀው አንዳርጌና የእግር ኳስ በረኛው ላቀው አንዳርጌ ሦስቱም ስመ ጥር ናቸው። ጋዜጠኛ ባምታታቸው ቁጥር «ሞክሼ እንጂ ዘመድ አይደለንም!» እያሉ ይቆጡ ነበር።

የከባድ መኪና ሾፌሩ አቶ አንዳርጌ ሲቀበሩ፣ የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። «የአንድ ልጅ አባት ነበሩ፤ ልጃቸውም ዝነኛው ላቀው ነው» ሲል፣ ሦስቱም ከየከተማው ከመጡ እናቶቻቸው ጋር ወደ ፊት ወጡ።

የዘፋኙ እናት ለቅሶዋን አቋረጠች።

«በእንቅልፉ ‹ላቀው! ላቀው!› ሲል፣ ልጄን እንዴት ቢወደው ነው እል ነበር» አለች። «ለካስ ሁሉንም ላቀው ያላቸው ስም እንዳይሳሳት ኖሯል!»

ጸሐፊው ሳቁ አመለጠው። አጠገቡ የቆመችው ሚስቱ ግን ያዘለችውን ልጃቸውን፣ ሕፃኑን ላቀውን፣ ቀስ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው።