በምን አወቅሽ?

ደረጀ፣ ባሕር በላው ተብሎ ከተለቀሰለት ዐሥር ዓመት አልፎት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ መጣ።

ሐረር አቦከር ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ እግር አያሻውም። ባለባጃጁ ሒሳቡን ሳይቀበል ግቢው በሰው ሞላ። እናትየው እማማ ገላነሽ ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል። ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ልጄ ነው! የኔው ልጅ ነው!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሲሄድ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ግማሽ ፊቱ ጢም ነው። ቢሆንም እናት ልጄ ካለች ሌላው ምን ቤት ነው?

ምራትየዋ ሊድያ የጓዳው በር ላይ ደርቃ ቀርታለች። ሰውየው ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣና፣ «ሊድያ!» ብሎ አቀፋት። ያዩት ሴቶች ሁሉ አለቀሱ።

ሊድያ ግን፣ ገና እቅፉ ውስጥ እንዳለች፣ ይህ ሰው ደረጀ እንዳልሆነ አወቀች።

ደረጀ ያገባው ጅቡቲ ሳለ ነው፤ ሠርጉን ከሐረር ያየ የለም። ወደ የመን ሊሻገር ሲል፣ «ሚስቴ ልጃችንን ይዛ ትመጣለች፣ ተቀበይልኝ» ብሎ ለእናቱ ደወለ። ሊድያም ጨቅላዪቱን ዮዲን አዝላ፣ አቧራ ለብሳ፣ በጭነት መኪና ደረሰች። ከጅቡቲ አብራት የተነሣችው ጓደኛዋ በረሃው ላይ በትኩሳት ሞታ ቀርታለች። ሊድያ እስከ ዛሬ በየወሩ በኡራኤል ቀን ሻማ የምታበራው ለእሷ ነው። ስሟን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሲጠይቋት ታለቅሳለች፤ ሰዉም መጠየቁን ተወ።

እማማ ገላነሽ ያኔ፣ «እግርሽን ታጠቢ፣ ቤትሽ ነው» ነው ያሏት። ያቺ ቃል ናት ሊድያን ሰው ያደረገቻት። ቤቱን ቤት አደረገች፣ ዮዲን አሳደገች፣ የአሮጊቷ ዓይን ሲፈዝ ዓይን ሆነችላቸው። አሁን በዚህ ሁሉ ላይ አንድ የማይታወቅ ሰው ከነጫማው ገባበት።

መኝታውስ? «እስከ ኡራኤል ስእለት አለብኝ» ብላ ከዮዲ ጋር ተኛች። ኡራኤል ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ቀን ከቀን ሰውየውን ስታየው ሰነበተች። ሲመሽ ከግንቡ ፈላና በር ማዶ ጅብ ሲጮኽ ይበረግጋል። የሐረር ልጅ ጅብ ፈርቶ! እሷ ራሷ እንኳ እንግዳ ሳለች ጥቂት ቀን ብቻ ነው የደነገጠችው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውንም መንገድ ዮዲን ጠይቆ ነው የሄደው። እንቅልፍ አጣች። ፍርሃቷን የምታካፍለው ሰው ፈለገች።

ጎረቤቷ ሐዲያ ፈላና በር ላይ ሐላዋ ትሸጣለች። እሷ ጋ ሄደች።

«ይሄ ሰውዬ ደረጀ አይደለም።»

«አዑዙ ቢላህ! ምን ማለትሽ ነው?»

«አይደለም አልኩሽ።»

«ምኑ ጎደለ? ድምፁ? ቁመቱ?»

ሊድያ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች፣ ፈታች።

«ስሚኝ ሊድዬ» አለች ሐዲያ፣ ጣፋጩን በወረቀት እየጠቀለለች። «ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ታስሮ፣ ተርቦ፣ እንደ ሄደ ይመለሳል እንዴ? ወላሂ፣ እኔ ከዚች በር ሳልነቃነቅ ስንቴ ሌላ ሴት ሆኛለሁ! የምታውቂው ነገር ካለ ግን ሽማግሌ ይቀመጥ። በምን አወቅሽ ሲሉሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እሱን አልችልም።»

«እንግዲያው ፍርሃት ነው የያዘሽ። ሰውየው ሰውዬሽ ነው።»

ቢጨንቃት አሮጊቷ ዘንድ ቀረበች። «እማዬ፣ ልብዎ ምንም አልጠረጠረም?»

እማማ ገላነሽ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ልጅ ስጠኝ ብዬ ለመንኩ፣ ልጅ ሰጠኝ። የማላውቀውን ፈልፍዬ ምን ላገኝ? አንቺንስ ስትመጪ ፈለፈልኩሽ?»

ሊድያ መቁጠሪያውን አንሥታ እጃቸው ላይ መለሰችላቸውና ወጣች።

በኡራኤል ዋዜማ ሰውየው የተሰበረውን የግቢ በር ይጠግናል። ዮዲ ሚስማር ታቀብለዋለች። አሮጊቷ ከውስጥ ሆነው የመዶሻውን ድምፅ እየሰሙ ይስቃሉ፤ እንዲያ ሲስቁ ሊድያ ሰምታ አታውቅም። «አባ፣ ይሄኛው ጠመመ» አለች ዮዲ። አባ! ሊድያ አላስቻላትም። ልጅቱን ሐዲያ ጋ ላከቻትና ፊቱ ቆመች።

«ማን ነህ?»

መዶሻው ቆመ። ሰውየው ቀና ብሎ አላያትም።

«ከሱ ጋር አንድ ክፍል ታስረን ነበር» አለ። «ስለ እናቱና ስለ አንቺ ሲያወራ ነው የሞተው። እኔ ደግሞ እናት የለኝም። የሚጠብቀኝም የለም። መርዶ ላደርስ ነበር የመጣሁት፤ ፊቴን ሲዳብሱኝ ግን አፌ ተያዘ። ውጣ ካልሽኝ አሁኑኑ እወጣለሁ።»

ውጣ ልትለው አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት።

«እናቱ እንኳ አላወቁም» አለ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ። «ሰፈሩ አላወቀም። አንቺ ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ትሸሺኛለሽ። በምን አወቅሽ?»

ሊድያ ወደ ቤቱ ዞር አለች፣ መልሳ ወደ እሱ። ከውስጥ የእማማ ገላነሽ ድምፅ ተሰማ።

«ልጆቼ!»

«አቤት እማዬ!» አሉ ሁለቱም፣ እኩል።

እውነተኛው ደረጀ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቅዳሜ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሲያያት፣ «ሊድያስ የት አለች?» ነበር የሚላት።